ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነአጠቃቀማቸውና ከነአነባበባቸው እንዴት እናጥና?

ትራንዚተሩ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ በዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሲሆን፣ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ድረስ ስለሚጓጓዘው ጭነት ከውጭ ላኪዎች፣ ከመርከብ ወኪሎችና ከመድን ድርጅቶች ጋር የምጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) መሙላትም ሆነ የተለመደውን ደብዳቤ መጻፍ አያስቸግረኝም። ጉዳዩ ከተለመደው ሲወጣ ግን፣ ለምሳሌ ኮንቴነሩ ወደብ ላይ ቆይቶ ቅጣት ሲጠየቅበትና መዘግየቱ በማን ምክንያት እንደመጣ ማስረዳት ሲያስፈልግ፣ ወይም በሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ከዕቃው ጋር አልገጥም ሲል፣ ሐሳቤን ለይቶ የሚያስቀምጥ ቃል አጣለሁ።

ለዚህ ብዬ ከኢንተርኔት ላይ «ከፍተኛ ቃላት» የሚል ረጅም ዝርዝር አውርጄ ማጥናት ጀምሬአለሁ። ዝርዝሩ ቃሉን በአንድ በኩል፣ የአማርኛ ፍቺውን በሌላ በኩል ያስቀምጣል። «ሚቲጌት» ማቃለል ይላል፤ «አሊቪዬት» ማቃለል ይላል፤ «ኢዝ» የሚለውንም ማቃለል ይለዋል። ሦስቱ በአማርኛ አንድ ከሆኑ እንግሊዞቹ ሦስት ቃል ምን ያደርግላቸዋል? ሌላው ችግሬ ደግሞ በጽሑፍ የማውቀውን ቃል በስልክ ሲነግሩኝ አለማወቄ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የትኞቹን ቃላት ላጥና፣ አጠቃቀማቸውን በምን ልያዝ፣ አነባበባቸውንስ አስተማሪ ሳይኖረኝ ከየት ላግኝ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መምህርት ዘሐረር፦

ከሦስቱ ቃላት ልጀምር፤ የቀረው መልስም ከዚያው ይወጣልና።

«ሚቲጌት» የሚደረገው አደጋ፣ ኪሳራ፣ ጉዳት ወይም መዘዝ ነው፤ መጥፎው ነገር እንዳይከፋ እርምጃ መውሰድን ያመለክታል። በመድን ደብዳቤ ላይ «ሚቲጌት ዘ ሎስ» የሚል ሐረግ ካገኘህ፣ ጉዳት የደረሰበት ወገን ኪሳራው እንዳይሰፋ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ ነበረበት ማለት ነው። በእንግሊዝ የሕግ ልማድ ይህን ያላደረገ ሰው መከላከል ይችል ለነበረው ኪሳራ ካሳ ላያገኝ ስለሚችል፣ ቃሉ በአንተ ሥራ ውስጥ ገንዘብ ያለበት ቃል ነው። «አሊቪዬት» ሕመምን፣ ሥቃይን፣ ድህነትን ወይም እጥረትን ያስታግሳል፤ ምንጩ ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አማርኛው «ማስታገስ» ቢባል ይበልጥ ይቀርብ ነበር። «ኢዝ» ደግሞ ውጥረትን፣ መጨናነቅን ወይም ገደብን ያላላል፤ ከሦስቱ በዕለት ንግግር ውስጥ ዘወትር የሚሰማውም እርሱ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን የሚያሳይህ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው። በራሳችን ቋንቋ ዕቁብ ይጣላል፣ ይግባኝ ይባላል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል፤ እነዚህን ማንም ቆጥሮ አላስተማረንም፤ አብረው ሲነገሩ ሰምተን ያዝናቸው። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚሄድ ቃሉን ብቻውን ያጠና ሰው ግማሹን ትቶ ነው የሚሄደው። «ዲስክሬፐንሲ» የሚለውን ቃል፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አለመጣጣማቸውን የሚገልጸውን፣ ብትይዝ ከኋላው «ቢትዊን» መምጣቱንም አብረህ መያዝ አለብህ፤ በሰነዱና በዕቃው መካከል ያለ አለመጣጣም ነውና። ባንኮች የሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለላኪው ክፍያውን የሚያረጋግጥበት) ሰነዶችን ሲመልሱ የሚጽፉት ይህንኑ ቃል ነው።

የትኞቹን ቃላት ላጥና ላልከው፣ «ከፍተኛ ቃላት» ከሚሉት የኢንተርኔት ዝርዝሮች ብዙዎቹን አላምናቸውም። እንግሊዞቹ ራሳቸው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይሰሙትን ቃል ሰብስበው ተማሪን ያስጨንቃሉ። በጥናት የተሠሩ ዝርዝሮች አሉልህ። ማይክል ዌስት የተባለው መምህር በ1953 ያወጣው 2000 ያህል ቃላት የያዘ ዝርዝር መሠረት ነው። በዚያ ላይ በኒው ዚላንድ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲዋ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ በየሙያው ዘርፍ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አወጣች። የቃል ቤተሰብ ማለት ከአንድ ግንድ የወጡት ሁሉ ናቸው፤ «አናላይዝ»፣ «አናሊሲስ»፣ «አናሊቲካል» እንደ አንድ ይቆጠራሉ። እነዚህ 570 ቤተሰቦች ከትምህርት ጽሑፍ ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ፤ ማለት ከአሥር ቃል አንዱ ከእነርሱ ነው። ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ግን፣ ፖል ኔሽን በ2006 እንዳሰላው፣ ከ8000 እስከ 9000 ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከየት እንደሚጀመር መምረጥ ግድ ነው። እኔ ለአንተ የምመክረው የኮክስሄድን ዝርዝርና በእጅህ ያሉትን የሥራ ደብዳቤዎች ነው። የሚመጡልህን ደብዳቤዎች አንብበህ ያልተጠቀምክባቸውን ቃላት አስምርባቸው፤ ከዚያ የተሻለ ዝርዝር ማንም አያወጣልህም።

የሳቢያን ልጅ፦

ለመምህርት አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ልሰንዝር። ደብዳቤው የሚሄደው ቻይና ወይም ቱርክ ላለ ላኪ ነው። ያ ሰው እንግሊዝኛን እንደኛው በትምህርት ቤት የተማረ ስለሆነ «ሚቲጌት» ሲባል እርሱም መዝገበ ቃላት ሊገልጥ ነው። በግልጽ ቃል፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ እየተቻለ በከባድ ቃል ደብዳቤን ማስጌጥ ለምን ያስፈልጋል? እኔ ባለሁበት መሥሪያ ቤት «ኪንድሊ» (እባክዎ) እና «ዘ አፎርሜንሽንድ» (ከላይ የተጠቀሰው) የሚሉ ቃላት እየተደረደሩ፣ የሚፈለገው ነገር ምን እንደሆነ ግን ከሦስት አንቀጽ በኋላ ነው የሚገኘው። ቃል መጨመር ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብን።

መምህርት ዘሐረር፦

የሳቢያን ልጅ የተናገርከው እውነት አለው፤ ለማሳመር የሚገባ ቃል ደብዳቤን ያደነዝዛል። ለመግዛት «ባይ» እያለ «ፐርቸስ» ማለት ምንም አይጨምርም፤ ቃሉ የሚገባው ውል ላይ ነው። ነገር ግን በቀላል ቃል የማይተኩ አሉ። «ዌይቭ» የሚለውን ውሰድ፦ ባለመብቱ ሊጠይቀው የሚችለውን ክፍያ ወይም መብት በፈቃዱ መተው ማለት ነው። መርከብ ወኪሉን «ቅጣቱን ሰርዙልኝ» ብለህ «ካንስል» ብትለው ቅጣቱ መጀመሪያውኑ ትክክል አልነበረም ማለትህ ሊመስለው ይችላል፤ «ዌይቭ» ካልከው ግን መብቱን አምነህለት እንዲተውልህ እየጠየቅኸው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ድርድሮች ናቸው። አነባበቡ ማዕበል ከሚባለው «ዌይቭ» ጋር አንድ ስለሆነ በስልክ አያደናግርህ።

«አውትስታንዲንግ» ሌላው ነው። ስለ ሠራተኛ ሲነገር እጅግ የላቀ ማለት ሲሆን፣ ስለ ክፍያ ሲነገር ያልተከፈለ ማለት ነው። «አውትስታንዲንግ ባላንስ» አለብህ የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው የተመሰገነ መስሎት ዝም ካለ ወለዱ ይቆጥርበታል። «ኦቨርሳይት» ደግሞ ቁጥጥርም ማለት ነው፣ ሳይታይ ያለፈ ጥፋትም ማለት ነው፤ «ሳንክሽን» ፈቃድ መስጠትም ቅጣት መጣልም ይሆናል። በእነዚህ ቦታ የአማርኛ ፍቺ አንድ ብቻ ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች የተዘጋጁት መዝገበ ቃላት ከየፍቺው ጎን ምሳሌ ዓረፍተ ነገር የሚሰጡት ለዚህ ነው።

አያያዙን በተመለከተ፣ ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ የተጠና ነገር አብዛኛው የሚረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ እየተራራቀ የሚደረግ ክለሳ ግን ያጸናዋል። ሌላው ጀርመናዊ ላይትነር በ1972 ይህን በካርድና በሳጥን አመቻቸው፦ ያወቅኸው ካርድ ዘግይቶ ወደሚከለሰው ክፍል ይሄዳል፣ የረሳኸው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «አንኪ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ይሠራል። መብራት ሲጠፋና ስልክ ሲዘጋ የጫማ ካርቶን ያው ነው፤ እኔ ለተማሪዎቼ ካርቶኑን አስቀድማለሁ። ካርዱ ላይ ፍቺ ብቻ አይጻፍ። ከፊቱ ቃሉ የጎደለበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከጀርባው ቃሉ፣ አጽንዖቱ የሚያርፍበት ቦታና አብረውት የሚሄዱ ሁለት ስሞች ይጻፉ። በቀን አምስት አዲስ ቃል በቂ ነው፤ ሃያ ቃል በቀን የሚይዝ ተማሪ አላየሁም፣ ሃያ ቃል በቀን የሚጽፍ ግን ብዙ አለ።

የከዚራ ጡረተኛ፦

ልጆቼ፣ እኔ የምድር ባቡር ሰው ነበርኩ። እንደምታውቁት ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር እኛ እንግሊዝኛን የተማርነው ዘግይተን ነው። ትራንዚተሩ ልጄ ሳያውቀው ግማሽ ፈረንሳይኛ እየተናገረ ነው፤ ዲክላራሲዮን፣ ትራንዚት፣ ሹፌር፣ ገራዥ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍተኛ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል በብዛት የፈረንሳይኛና የላቲን ልጅ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛ ሲሠሩ፣ ገበሬው በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። በዚህ የተነሣ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ቀረ፤ አንዱ የቤት፣ አንዱ የችሎት። መጀመር በቤት «ቢጊን» ነው፣ በደብዳቤና በችሎት «ከመንስ» ነው። የሚገርመው ፈረንሳዮቹ «ኮማንሴ» የሚሉት በገበያ፣ በወጥ ቤት፣ በሕፃናት መካከል ጭምር ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ባሕር ሲሻገር ካባ ለብሷል። ስለዚህ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው የቃሉን ፍቺ በቀላሉ ያገኛል፤ ክብደቱን ግን እንደገና መማር አለበት።

የሚያስቱም አሉ። በፈረንሳይኛ «ደማንዴ» ማለት መጠየቅ ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዲማንድ» ግን በግድ መጠየቅ፣ ማዘዝ ነው። ትሑት ነኝ ብሎ «ዊ ዲማንድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጦር ሰብቆ የመጣ ይመስላል። «አክቱኤልማን» አሁን ማለት ሲሆን «አክቹዋሊ» በእርግጥ ማለት ነው። «ኤቫንቱኤልማን» ምናልባት ነው፤ «ኢቬንቹዋሊ» በስተመጨረሻ ነው። ጅቡቲ ያለው ወኪል ፈረንሳይኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ሲጽፍላችሁ ዕቃው «ኢቬንቹዋሊ» ይደርሳል ካለ ምናልባት ማለቱ እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር ልጨምር። ዕዳ የሚለውን ቃል እንግሊዞች ሲጽፉ መካከሉ ላይ «ብ» ያስገባሉ፤ የሚነበበው ግን «ዴት» ነው። ቃሉን ከፈረንሳይኛ ሲወስዱት «ብ» አልነበረበትም፤ የላቲን ሥሩ «ዴቢቱም» መሆኑን ለማሳየት ሊቃውንቱ በኋላ ደነቀሩበት። በደረሰኝ ላይ ያለችው «ፕ»ም እንዲሁ የላቲን ማስታወሻ ናት፤ የሚነበበው «ሪሲት» ነው። ዕዳና ደረሰኝ ለትራንዚተር የዕለት እንጀራው ስለሆኑ ከእነርሱ ይጀምር።

የጀጎል አስጎብኚ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ የአንቱን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በነገራችን ላይ እኛ ሐረርና ድሬ ያለን ሰዎች አንቱታ አናውቅም ይሉናል፤ ይኸው በጽሑፍ ሲሆን እንችልበታለን።

የእኔ ጉዳይ ከደብዳቤ ይለያል። በጀጎል ውስጥ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን መሠራቱን፣ ከተማዋ በ2006 በዩኔስኮ መመዝገቧን፣ ሪቻርድ በርተን በ1855 መግባቱን ስናገር አልቸገርም። የምፈልጋቸው ገላጭ ቃላት ናቸው፤ ሁሉንም «ቢውቲፉል» እያልኩ መዋል ሰልችቶኛል። ስለ ሐረር ስፌት ስናገር እጅግ የተወሳሰበና ጥቃቅን ሥራ ያለበት ለማለት ከመጽሐፍ ያገኘሁትን «ኢንትሪኬት» የሚል ቃል እጠቀማለሁ፤ እንግዶቹ ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ጅቦች በሌሊት የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን የሚገልጸውን «ኖክቱርናል»ም ስናገር እንደዚሁ ነው። ቃሉ ትክክል ነው፣ ቦታውም ትክክል ነው፤ ታዲያ የማይሰማው ለምንድን ነው?

ሳድስ (ሐረማያ)፦

አስጎብኚው ያነሣኸው ነገር የብዙዎቻችን ችግር ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። የተማርኩት የቋንቋ ትምህርት ነው።

አማርኛ ስንናገር እያንዳንዱ ፊደል ድምፁን ይዞ፣ ከሞላ ጎደል እኩል እየተመዘነ ይወጣል። በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ውስጥ ኃይል የሚያርፍበት አንድ ቀለም (የቃል ክፍል) አለ፤ እርሱ ይጮኻል፣ ይረዝማል፤ የቀሩት ይደክሙና አናባቢያቸው ሟሙቶ «ኧረ» ስንል መጀመሪያ ላይ ወደምንሰማው «ኧ» ይጠጋል። እንግዲህ ይህ ድምፅ ከእኛ ዘንድ አለ፤ የግዕዝ ድምፃችን ማለት ነው። የምንስተው በፊደሉ ስለምንታለል ነው፤ «ኤ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ስናይ «ኣ» ወይም «ኤ» ብለን ሙሉ ድምፅ እንሰጠዋለን። እንግሊዛዊ አድማጭ ቃሉን የሚያውቀው ኃይሉ ካረፈበት ቦታ ስለሆነ፣ ኃይሉ ቦታውን ከሳተ ፊደላቱ ሁሉ ትክክል ቢሆኑም ቃሉ አይታወቀውም።

ለምሳሌ ፎቶግራፍ የሚለውን እንይ። ሥዕሉ «ፎተግራፍ» ነው፣ ኃይሉ «ፎ» ላይ። አንሺው «ፈቶግረፈር» ነው፣ ኃይሉ «ቶ» ላይ። ቅጽሉ «ፎተግራፊክ» ነው፣ ኃይሉ «ግራ» ላይ። ግንዱ አንድ ሆኖ ኃይሉ ሲዛወር አናባቢዎቹ ሁሉ ይለዋወጣሉ። «ኢኮነሚ» እና «ኢከኖሚክ»ም እንዲሁ ናቸው።

ኃይሉ የት እንደሚያርፍ ለመገመት ቅጥያው ይረዳል። በ«ሽን»፣ በ«ኢክ» እና በ«ኢቲ» የሚያልቁ ቃላት ኃይላቸው ከቅጥያው በፊት ባለው ቀለም ላይ ነው፦ «ኔጎሺዬሽን» ኃይሉ «ዬ» ላይ፣ «ፕራግማቲክ» «ማ» ላይ፣ «ሪስፖንሰቢሊቲ» «ቢ» ላይ። «አረቢክ» እና «ፖለቲክስ» አፈንጋጮች ናቸው፤ ኃይላቸው መጀመሪያ ላይ ነው። «ኤይት» በሚል የሚያልቁ ረጃጅም ግሦች ኃይላቸውን ከመጨረሻው ሦስተኛ በሆነው ቀለም ላይ ይጥላሉ፤ «ሚቲጌት» «ሚ» ላይ፣ «ኧሊቪዬት» «ሊ» ላይ፣ «ፈሲሊቴት» «ሲ» ላይ፣ «ከንሶሊዴት» «ሶ» ላይ።

አሁን ወደ ስፌቱ እንመለስ። በተመሳሳይ ፊደል የሚያልቅ ቃል ግሥ ከሆነ መጨረሻው «ኤይት» ይባላል፤ ስም ወይም ቅጽል ከሆነ ግን ደክሞ «ኧት» ይሆናል። ስለዚህ የአንተ ቃል «ኢንትሪከት» ነው፣ ኃይሉ የመጀመሪያው «ኢን» ላይ። መገመት «ኤስቲሜይት»፣ ግምቱ ራሱ «ኤስቲመት»፤ መለየት «ሴፐሬይት»፣ የተለየው «ሴፕረት»። የሌሊቱም «ኖክተርነል» ነው፣ ኃይሉ «ተር» ላይ። ጅብ ደግሞ «ሃይና» አይባልም፤ «ሃይ-ኢ-ነ» ሲሆን ኃይሉ መካከሉ ላይ ነው። እግረ መንገዴን፣ ጅብን «ስካቬንጀር» ብቻ ብለህ አትለፈው፤ ባለነጠብጣቡ ጅብ የሞተ ብቻ የሚለቅም ሳይሆን አዳኝም ነውና።

ለትራንዚተሩ ደግሞ፦ ወደብ ላይ ለቆየ ኮንቴነር የሚከፈለውን ብዙዎቻችን «ዴሙሬጅ» እንላለን፤ አነባበቡ ግን «ዲመሪጅ» ነው፣ ኃይሉ «መ» ላይ። በ«ኤጅ» ፊደላት የሚያልቁ የቆዩ ቃላት «ኢጅ» ተብለው ይነበባሉ፦ «ዳሚጅ»፣ «ስቶሪጅ»፣ «ሾርቲጅ»፣ «ፓኪጅ»። ጋሼ እንዳሉት ፈረንሳይኛነታቸውን ያልተዉት እንደ «ሳቦታዥ» ያሉት ብቻ ይለያሉ።

ሌላው የአማርኛ ተናጋሪ ችግር ጥብቀት ነው። በእኛ ቋንቋ «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ደግሞ ይኖራል ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ሁለት ፊደል ተደርቦ ስናይ እናጠብቃለን። እንግሊዝኛ ግን በቃል ውስጥ አያጠብቅም። «ከሚሽን»፣ «ከሚቲ»፣ «ኧኮመዴሽን»፣ «ኧታች» ሁሉም ላልተው ነው የሚነበቡት፤ የተደረበው ፊደል የአጻጻፍ ጉዳይ ነው።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ደግሞ የማይቆጥረው ሀብት አለው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያሉ፤ አማርኛ አይለይም። ስለዚህ በመርከብና በበግ መካከል ያለውን የ«ሺፕ» እና «ሺይፕ» ልዩነት ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የለመደ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። በአንጻሩ ሶማሊኛ «ፐ» ስለሌለው ጓደኞቻችን «ፖርት»ን «ቦርት» ሊሉ ይችላሉ፤ እኛም ሁለት ተነባቢ ሲገናኝብን «እስትራይክ» ብለን ከፊቱ «እ» እንጨምራለን።

ትራንዚተሩ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳድስ፣ የድምፅ ምልክቶቹን በመዝገበ ቃላት ውስጥ አያቸዋለሁ፤ ግን ሁሉንም ማጥናት አለብኝ?

ሳድስ (ሐረማያ)፦

ሁሉንም አይደለም፤ ለመጀመሪያ ሦስት ምልክት ይበቃሃል። ከላይ በኩል የምትቆመው ትንሽ ቋሚ ጭረት ከኋላዋ የሚመጣው ቀለም ኃይሉን እንደሚይዝ ትናገራለች፤ ብዙ ሰው ከፊቷ ያለው ይመስለዋል። ከአናባቢ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ነጥቦች ድምፁ ይረዝማል ይላሉ። የተገለበጠችው ትንሽ የላቲን «e» ደግሞ የእኛ «ኧ» ናት። በኢንተርኔት ያሉት መዝገበ ቃላት የድምፅ ማጉያ ሥዕል አላቸው፤ ነክተህ አድምጥ። ቃሉን ሙሉ ንግግር ውስጥ መስማት ከፈለግህ «ዩግሊሽ» የሚባለው ገጽ ሰዎች ቃሉን ሲናገሩ ከተቀረጹ ቪዲዮዎች ፈልጎ ያሰማሃል። ስትሰማ ዝም አትበል፤ ጮክ ብለህ ተከተል።

የሸዋ በር ነጋዴ፦

ለሐረር ሰው ከዐረብኛም በኩል መግቢያ አለ። መጋዘን የምንለው ከዐረብኛው ማከማቻ የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ማገዚን»ም ግንዱ እርሱ ነው። ዛሬ መጽሔት ማለት ቢሆንም የጥይት ማከማቻም እስካሁን በዚሁ ስም ይጠራል። «ታሪፍ»ም እንዲሁ ከዐረብኛ የወጣ ነው፤ ኃይሉ «ታ» ላይ እንደሆነ ልብ ይሏል።

የሳቢያን ልጅ፦

መምህርት፣ ስለ «ዌይቭ» የሰጡት ማብራሪያ አሳምኖኛል፤ ስለ «አፎርሜንሽንድ» ግን አቋሜን አልቀይርም።

መምህርት ዘሐረር፦

እኔም በእርሱ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

ትራንዚተሩ፦

የተባለውን ይዤ ለመርከብ ወኪሉ ደብዳቤ አረቀቅሁ። ክፍያው እንዲተውልን «ሪክዌስት» በሚለው ቃል ጠየቅሁ፤ በሰነዱና በዕቃው መካከል ያለውን አለመጣጣም «ዲስክሬፐንሲ ቢትዊን» አልኩ፤ መጨረሻ ላይ ለቅጣቱ ተጠያቂው ደንበኛችን አለመሆኑን ለመግለጽ «ላየብል ቱ» ብዬ ጽፌአለሁ። ሳልልከው በፊት አስተያየት ብትሰጡኝ።

መምህርት ዘሐረር፦

ሁለት ነገር አስተካክል። «ላየብል ፎር» በሕግ ተጠያቂ ማለት ነው፤ «ላየብል ቱ» ከኋላው ግሥ ሲመጣ ግን አንድ መጥፎ ነገር ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። አንተ የምትፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛ፣ «ሪክዌስት ዛት» ካልክ በኋላ ግሡ ጊዜ ሳያሳይ በጥሬው ይቀመጣል፤ ክፍያው «ቢ ዌይቭድ» እንጂ «ኢዝ ዌይቭድ» አይባልም። በተጨማሪም ኮንቴነሩ የቆየው ወደብ ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ። ከወደብ ወጥቶ ባዶው ሳይመለስ ለዘገየበት ጊዜ ከሆነ የሚጠየቀው፣ ያ ክፍያ «ዲመሪጅ» ሳይሆን «ዲቴንሽን» ይባላል፤ ስሙን ከሳትክ ወኪሉ ሌላ ሂሳብ ፈልጎ ይመልስልሃል።

ሳድስ (ሐረማያ)፦

ደብዳቤውን ከላክህ በኋላ በስልክ መከተልህ ስለማይቀር ይህንንም ያዝ። «ኢምፖርት»፣ «ፐርሚት»፣ «ሪፈንድ» እና «ሪኮርድ» ስም ሲሆኑ ኃይላቸው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ግሥ ሲሆኑ ሁለተኛው ላይ። ገንዘቡ ተመላሽ እንዲሆን ስትጠይቅ «ፈንድ» የሚለውን አጽንተህ ተናገር፤ ተመላሹ ገንዘብ የት እንደደረሰ ስትጠይቅ ደግሞ «ሪ» የሚለውን።